ጊዜ ያጠራቸው ሙሽሮችና ሩቅ አገር፦ ከሰሜን ሸዋ ለጫጉላ ሽርሽር ለሚነሡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ የአውሮፕላን ትኬት በመቁረጥ የሚተዳደር ሰው ዋና ገበያው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ፣ ሁለተኛው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባሉት ሳምንታት። ሁለቱም የሰርግ ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራት ቢሮአችን የሚመጡ እጮኛሞች የሚያነሧቸው ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት ብዙም አይለዋወጡም፤ ፈቃዳቸው አጭር፣ ምኞታቸው ሩቅ ነው። ደጋግመው የተጠየቁትን ከነመልሳቸው እነሆ። ሰዓቱ የተሰላው ከደብረ ብርሃን በመነሣት ስለሆነ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ ወይም ከአጣዬ የሚነሣ ሰው እንደየመንገዱ እስከ ግማሽ ቀን ይጨምርበት።

ያለን ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ እስከ የት መሄድ እንችላለን?

ርቀትን በካርታ ላይ መለካት ብዙ ሰው አሳስቷል። መቆጠር ያለበት የቤታችሁን በር ቆልፋችሁ ከወጣችሁበት ሰዓት አንሥቶ የሆቴሉ አልጋ ላይ ጋደም እስከምትሉ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ ቦሌ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ሲቀና ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ ለገጣፎ ከደረሱ በኋላ ያለው መጨናነቅ ግን አንዳንድ ቀን ከዚያ በፊት የተጓዙትን ያህል ጊዜ ይበላል። ለዓለም አቀፍ በረራ ደግሞ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነገር ብዙዎች አያስቡትም። ከቦሌ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ እንዲሁም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚሄዱት በረራዎች በአብዛኛው ጠዋት ይነሣሉ፤ ወደ እስያና ወደ አውሮፓ የሚሄዱት በአብዛኛው ማታ ወይም እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ጠዋት በ4 ሰዓት ለሚነሣ አውሮፕላን ቦሌ በ1 ሰዓት መገኘት ማለት ከደብረ ብርሃን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መውጣት ማለት ነው። በጥር ውርጭ፣ በጨለማ፣ የመንገዱም ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት በሚለዋወጥበት በዚህ ጊዜ ይህን ለማንም አልመክርም። ስለዚህ አዲስ አበባ ማደር ግድ ነው። ከእነዚያ አገሮች የሚመለሰውም አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ ቦሌ የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ወይም ማታ ስለሆነ በመልስም አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ያልቃል። የሌሊቱ በረራ በተቃራኒው ከምሳ በኋላ ከቤት ያስነሣና አየር ላይ ያሳድራል፤ ሲመለስም ማለዳ ስለሚያደርስ በዚያው ቀን ቤት ያስገባል።

እንግዲህ አስሉት። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል የሚበረርባት የታንዛንያዋ ደሴት ዛንዚባርና ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሚበረርባት ባንኮክ፣ ሰባት ቀን ላለው የደብረ ብርሃን ሰው፣ በወረቀት ላይ ሁለቱም አራት አራት ሌሊት ነው የሚሰጡት። ልዩነቱ ያለው በሌሊቶቹ ጥራት ላይ ነው። ዛንዚባር ከእኛ ጋር እኩል ሰዓት ስለሆነች የመጀመሪያውም ሌሊት ሙሉ ሌሊት ነው። ባንኮክ በ4 ሰዓት ትቀድመናለች፤ ሰውነት ደግሞ የአንድ ሰዓት ልዩነትን ለመልመድ በግምት አንድ ቀን ይፈልጋል፣ ወደ ምሥራቅ ሲኬድም ይከብደዋል። በአራተኛው ቀን እንቅልፋችሁ ሲስተካከል ሻንጣ መክተት ትጀምራላችሁ።

እኔ የምከተለው መለኪያ ቀላል ነው። ሳምንት ብቻ ላለው ሰው በረራው ከአምስት ሰዓት፣ የሰዓት ልዩነቱም ከሁለት ሰዓት አይብለጥ፤ ከዚያ ለሚርቅ አገር ቢያንስ አሥር ቀን ይያዝ።

ተቀጥረን የምንሠራ ነን፤ ስንት ቀን ማግኘት እንችላለን?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ጋብቻ ሲፈጽም ደመወዝ የሚከፈልበት 3 የሥራ ቀን ልዩ ፈቃድ አለው። የዓመት ፈቃዱ ደግሞ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይታከልበታል። ሰርጉ እሑድ ከሆነ ሦስቱ ልዩ ቀናት ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያሉት ናቸው፤ ለመልስና ለዕረፍት ይውላሉ። ከሐሙስ ጀምሮ 7 የዓመት ፈቃድ ቀን ብቻ ቢወሰድ፣ በመካከልና በመጨረሻ የሚገቡት ቅዳሜና እሑዶች ተደምረው እስከ ሁለተኛው እሑድ 11 ቀን ይሆናል። መሥሪያ ቤታችሁ ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ከሆነ ስሌቱ ጥቂት ይጠብባል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩበት ሕግ ሌላ ስለሆነ የሰው ሀብት ክፍላቸውን ይጠይቁ።

ብዙ ጥንዶች «ሰባት ቀን ብቻ ነው ያለን» ብለው ይመጡና ቁጭ ብለን ስናሰላ አሥር ቀን ሲገኝላቸው አይቻለሁ። ችግሩ ጊዜያቸው ሳይሆን የሰርጉ ቀን አቀማመጥ ሆኖ ይገኛል።

ከሰርጉ በኋላ መቼ እንነሣ? ቤተሰብ ከመልስ በፊት አይለቀንም።

ልክ ናቸው፤ አይልቀቋችሁ። መልስ እንደየቤተሰቡ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይደረጋል፤ ቅልቅልም ካለ ሌላ ቀን ይወስዳል። የሙሽሪት እናት ለመልሱ ዶሮ እያስገነጠሉ «በረራ አለብን» ማለት ለትዳሩ ጥሩ አጀማመር አይደለም። ከዚህም በላይ የሙሽሮች ድካም እንደቀላል የሚታይ አይደለም። ሽማግሌ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በደንብ የተኛ ሙሽራ አላጋጠመኝም።

እኔና ባለቤቴ ይህን የተማርነው በራሳችን ላይ ነው። ሰርጋችን እሑድ፣ መልሳችን ማክሰኞ ነበር፤ ማክሰኞ ሌሊት ተነሣን። ርካሽ ነው ብዬ የቆረጥኩት ትኬት በሌላ አገር አየር ማረፊያ የዘጠኝ ሰዓት ትራንዚት ነበረው። ባለቤቴ እንሶስላው ያለቀቀ እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋ በተርታ በተደረደሩ የብረት ወንበሮች ላይ ተኛች፤ እኔ ሻንጣ ስጠብቅ አደርኩ። ሆቴላችን ስንደርስ ያለ ምግብ አንድ ቀን ሙሉ ተኛን፣ የከፈልንበት የጀልባ ጉዞም አመለጠን። ከዚያ ወዲህ ለሙሽሮች ትኬት የምቆርጠው ከመልሱ በኋላ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን አስቀርቼ ነው፤ ዋጋው ቢበልጥም ትራንዚት የሌለው በረራ ካለ እሱን አስቀድማለሁ።

የሰርጋችን ወር የምንሄድበትን አገር ይወስነዋል?

ከምንም በላይ ይወስነዋል። አንድ ወዳጃቸው በነሐሴ ሄዶ ያደነቀውን ደሴት በጥር ሄደው በዝናብ የታሰሩ ጥንዶች አሉ። የእኛ የሰርግ ወራት ሁለት ስለሆኑ ነገሩን ለሁለት ከፍሎ ማየት ይቀላል።

በጥርና በየካቲት መጀመሪያ ለሚሄዱ ዛንዚባር ሞቃትና ደረቅ ናት። ማልዲቭስም ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ባለው ደረቅ ወቅቷ ላይ ትሆናለች፤ ታይላንድም በጋዋ ነው። ዱባይ ቀኑ 24 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ከተማ ለመዞር ይመቻል። ኬፕ ታውን ደግሞ በጋ ላይ ነች። ሲሼልስ ግን ዲሴምበርና ጃንዋሪ ዋና የዝናብ ወሯ ስለሆነ በጥር ባትሄዱባት ይሻላል። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ባይወርድም አራት ቀን ብቻ ላለው ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ማጣት ብዙ ነው።

ከትንሣኤ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ለሚያገቡ ነገሩ ይገለበጣል። ዛንዚባር ረጅሙ ዝናቧ ላይ ትሆናለች፤ አንዳንድ ሆቴሎችም በዚያ ወቅት ይዘጋሉ። የማልዲቭስ ዝናብ በግንቦት ይጀምራል፤ ዱባይ ወደ 40 ዲግሪ መውጣት ትጀምራለች፤ ኬፕ ታውን ወደ ክረምቷ ትገባለች። ሲሼልስ ግን በዚህ ጊዜ ባሕሯ ይረጋል፣ ዝናቧም ይቀንሳል። ባሕር ሳይሆን ውኃ ሲወርድ ማየት ለሚፈልጉ ደግሞ በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለው የቪክቶሪያ ፏፏቴ ሙሉ የሚሆነው በሚያዝያና በግንቦት ነው። 1,708 ሜትር ስፋትና 108 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ፏፏቴ በእነዚህ ወራት የሚያስነሣው ጉም ከሩቅ የሚታይ ሲሆን፣ ቀርበው ሲያዩት ግን ጉሙ ራሱ ውኃውን ይጋርደዋል፤ ሙሉ ልብስ መቀየሪያም ያስፈልጋል። እዚያ ለመድረስ ከዛንዚባር የበለጠ ሰዓት ስለሚወስድ ከስምንት ቀን በታች ላለው አላቀርበውም።

እንግዲያው ዛንዚባር ይሻላል ወይስ ሲሼልስ?

በጥር ከሆነ ዛንዚባር፣ በግንቦት ከሆነ ሲሼልስ። ሁለቱም ከቦሌ ቀጥታ በረራ አላቸው፤ ወደ ሲሼልስ አራት ሰዓት ያህል ነው፣ የሰዓት ልዩነቱም አንድ ብቻ ነው።

ዛንዚባር በዋጋ ትቀላለች፣ የምታሳየውም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ስቶን ታውን የተቀረጹ የእንጨት በሮቿና ጠባብ መተላለፊያዎቿ ሐረርን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆኑበትም፤ የሚለየው በየመንገዱ ጫፍ ባሕሩ ብቅ ማለቱ ነው። ነገር ግን ጊዜ ያጠረው ሰው መጠንቀቅ ያለበት የባሕር ዳርቻውን ምርጫ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ በፓጄ አካባቢ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ በጣም ይሸሻል፤ ጠዋት ዋኝታችሁበት የነበረው ቦታ ምሳ ሰዓት ላይ ሴቶች የባሕር ሣር የሚሰበስቡበት አሸዋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በሰሜኑ ጫፍ በኑንግዊ ግን መሸሹ ያን ያህል ስለማይሰማ በፈለጉት ሰዓት መዋኘት ይቻላል። አራት ሌሊት ላላቸው ሦስቱን ኑንግዊ፣ የመጨረሻውን አንድ ሌሊት ስቶን ታውን እንዲያድሩ እመክራለሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ቅርብ ስለሆነ በመመለሻው ቀን ጥድፊያ አይኖርም። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ የደሴቷን የግዴታ የጉዞ መድን በ44 ዶላር እንደሚገዛም አትርሱ። ይህ በነፍስ ወከፍ ነው።

ሲሼልስ 115 ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን፣ ጸጥታዋና ግዙፍ የጥርብ ድንጋይ የሚመስሉ አለቶቿ ሌላ ቦታ አይገኙም፤ ዋጋዋ ግን ውድ ነው። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ማሄ ላይ ነው። ፕራስሊን የምትባለው ሁለተኛዋ ደሴት በጀልባ አንድ ሰዓት፣ በትንሽ አውሮፕላን 15 ደቂቃ ያህል ትርቃለች፤ በዓለም ትልቁን ዘር የሚያፈራው ዘንባባ የሚበቅልበት ደን፣ ቫሌ ደ ሜ፣ ያለው እዚያ ነው። አራት ሌሊት ብቻ ካላችሁ ከሁለቱ ደሴቶች አንዷን መርጣችሁ ሌላዋን በደርሶ መልስ እዩ እንጂ ሆቴል አትቀያይሩ። ሻንጣ ማሰርና መፍታት ግማሽ ቀን ነው።

ማልዲቭስን ሁሉም ያወራታል፤ በሳምንት ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን የሚታለፍ አንድ ስሌት አለ። ማሌ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ሆቴል መድረስ አይደለም። አብዛኛው የመዝናኛ ሆቴል በየራሱ ደሴት ላይ ስለሆነ ከዚያ በፈጣን ጀልባ ወይም በውኃ ላይ በሚያርፍ አነስተኛ አውሮፕላን ይኬዳል። እነዚህ አውሮፕላኖች የሚበሩት ቀን ብቻ ነው፤ በረራችሁ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ማሌ ካረፈ እዚያው ከተማ አድራችሁ በማግስቱ ነው የምትሻገሩት። የማመላለሻው ዋጋም ከሆቴሉ ዋጋ ለብቻው ስለሚታሰብ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ከማሌ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚርቅ ደሴት መምረጥ ነው የሚያዋጣው፤ በፎቶ የምታዩት ባሕር እዚያም ያው ነው።

ታይላንድና ባሊስ?

አሥር ቀን ካላችሁ ታይላንድ መልካም ነች። ባንኮክ ላይ ባሕር ስለሌለ ወደ ፉኬት ሌላ የአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል በረራ መጨመር እንዳለበት ግን አስቡ። ባሊ በ5 ሰዓት ትቀድመናለች፣ በመካከልም አውሮፕላን መቀየር አለ፤ ለአጭር ፈቃድ አትሆንም።

አውሮፓ እንድንሄድ ቤተሰብ እየገፋፋን ነው።

ዋናው ችግር በረራው አይደለም። ሮም ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፣ በጥር የሰዓት ልዩነቱም ሁለት ብቻ ነው። ችግሩ ቪዛው ነው። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ከስድስት ወር ያልበለጠና ከ15 ቀን ያላነሰ ጊዜ ሲቀረው መግባት አለበት፤ ውሳኔውም ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን በመደበኛው 15 ቀን መሆኑ ቀርቶ 45 ቀን ሆኗል። ክፍያው ከጁን 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድንም ይጠየቃል። ሰርግ የሚደግሱ ሰዎች ሳምንታት ሙሉ ፓስፖርታቸውን ኤምባሲ አስቀምጠው መልስ መጠበቃቸው በድግሱ ሐሳብ ላይ ሌላ ሐሳብ መጨመር ነው። በጥር ደግሞ አውሮፓ ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቶ ወደ ባሰ ብርድ መግባት ይሆናል፤ ለብርድ ለብርድማ አንኮበር አለልን።

በአንድ ጉዞ ሁለት አገር ማየት እንችላለን?

በሳምንት ውስጥ አትችሉም። ይቻላል የሚላችሁ ትኬት ሻጭ የሚያስበው ስለ ኮሚሽኑ ነው።

ሰነዶቻችን ምን ምን መሟላት አለባቸው?

ፓስፖርታችሁ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን። አዲስ ለማውጣት ወይም ለማደስ የሰርጉን ካርድ ከማሳተም በፊት ጀምሩ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያና ሩዋንዳ ያለ ቪዛ ይገባል። ሲሼልስም ቪዛ አትጠይቅም፤ ነገር ግን ከመብረራችሁ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማልዲቭስ ለኢትዮጵያዊ ሲደርስ የ30 ቀን ቪዛ ትሰጣለች፤ የመመለሻ ትኬትና የሆቴል ማረጋገጫ ይዛችሁ፣ ከበረራው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ የኢንተርኔት ቅጹን ሞልታችሁ መገኘት አለባችሁ። ወደ ሌሎቹ አገሮች ስትሄዱ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኤምባሲያቸውን ወቅታዊ መመሪያ ጠይቁ።

በዚህ ላይ በእኛ አገር ሙሽሮች ዘንድ የሚታይ አንድ ግራ መጋባት አለ። እኛ ሴት ስታገባ ስሟን ስለማትቀይር ባልና ሚስቱ በፓስፖርት ላይ የሚያገናኛቸው ስም የለም። ቪዛ የሚጠይቅ አገር የጋብቻ ማስረጃ ሲፈልግ ደግሞ የሚቀበለው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚሰጠውን የጋብቻ ምስክር ወረቀት እንጂ ከደብሩ የተሰጠውን ወረቀት አይደለም። ማመልከቻው ደግሞ ከሰርጉ በፊት ነው የሚገባው። ስለዚህ አንዳንዶች በክብር መዝገብ ቀድመው ተጋብተው ተክሊሉን በኋላ ያደርሳሉ፤ ሌሎች እንደ እጮኛሞች በየራሳቸው ማስረጃ ያመለክታሉ። ሁለቱም መንገድ ይሠራል፤ የማይሠራው ሳይጋቡ «ባለትዳር» ብሎ ቅጽ መሙላት ነው። የትኬቱ ስምም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን።

ክትባት ያስፈልገናል?

ቢጫ ካርድ ያስፈልጋችኋል። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትመደብ ዛንዚባር፣ ሲሼልስ፣ ማልዲቭስ፣ ታይላንድና ደቡብ አፍሪካ ከእኛ የሚመጣውን መንገደኛ ካርዱን ይጠይቁታል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በሰርጉ ሳምንት የሚደረግ ነገር አይደለም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርድ ለዕድሜ ልኩ ያገለግላል፤ ዐረብ አገር ደርሳ የተመለሰች ሙሽራ ካለች የድሮ ካርዷ ለእሷ ዛሬም ይሠራል። ስለ ወባ ደግሞ፣ ሲሼልስና ማልዲቭስ የለባቸውም፤ ዛንዚባርና ቪክቶሪያ ፏፏቴ አለ። ሸዋ ሮቢት ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ደብረ ብርሃን ያደገው ግን አጎበርም አያውቅምና ሐኪም አማክሮ ይሂድ።

ጾምና ምግብ እንዴት ይሆናል?

ከትንሣኤ በኋላ በበዓለ ሃምሳ የሚሄዱ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም አይቸገሩም። በጥር የሚሄዱ ሁለቱን ቀን፣ ጉዟቸው ከገፋም ጾመ ነነዌን አስልተው ይሂዱ። ዛንዚባር ላይ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ፣ ሩዝና አትክልት በየቤቱ ስለሚገኝ የጾም ማዕድ አይጠፋም፤ ማልዲቭስ ግን ዓሣ የሌለበት ገበታ ማግኘት ይከብዳልና ለሆቴሉ ቀድማችሁ ጻፉ። ከአጣዬና ከሸዋ ሮቢት ለሚመጡ ሙስሊም ሙሽሮች ሁለቱም ደሴቶች በሐላል ረገድ አያሳስቡም፤ ረመዳን ከጉዞው ጋር መግጠም አለመግጠሙን ብቻ ያጣሩ።

እናቶች የሚያስይዙትን ቆሎና ዳቦ ቆሎ በተመለከተ፣ ታንዛንያ ከ2019፣ ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክለዋል። ከሻንጣ የወጣ ፌስታል አየር ማረፊያው ላይ ይወሰዳል፤ ቆሎው በጨርቅ ከረጢት ወይም በክዳን ዕቃ ይሁን።

ፈቃዳችን ከአምስት ቀን በታች ቢሆንስ?

ድንበር አትሻገሩ። ከቦሌ አንድ ሰዓት ያህል በረራ ያላት አርባ ምንጭ ለደጋ ሰው ሙሉ በሙሉ ሌላ አገር ናት፤ ሙቀቷም፣ አዞዋም፣ ሁለቱ ሐይቆቿም ቪዛ አይጠይቁም። ሩቁን አገር ለመጀመሪያው የጋብቻ መታሰቢያ ማስተላለፍ ይቻላል።

ትኬታችን ላይ ያለው ሰዓት ግራ ያጋባል፤ እንዴት እንየው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ሁሉም ሊጠይቁት ይገባ ነበር። ትኬት ላይ ያለው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። «ጃንዋሪ 29፣ 00:35» የሚል ትኬት የያዘ ሰው ጃንዋሪ 29 ማለት ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም ናት ይልና በዓሉን ውሎ ማታ ቦሌ ይደርሳል። አውሮፕላኑ ግን የሄደው ለማርያም አጥቢያ፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6:35 ላይ ነው። ይህ የገጠማቸው ሙሽሮች ሻንጣቸውን ይዘው ቢሮአችን ደጃፍ ላይ ቆመው አይቻለሁ፤ ሙሽራው ትኬቱን እያገላበጠ «ዛሬ እኮ 29 ነው» ይል ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ጥር ደግሞ ቀኑ ራሱ በአንድ ስለሚዛነፍ ያ ጃንዋሪ 29 ጥር 20 ይሆናል።

ስለዚህ ትኬቱን እንደተቀበላችሁ የበረራውን ሰዓት ሳይሆን ከቤት የምትወጡበትን ቀንና ሰዓት በእኛ አቆጣጠር በእስክርቢቶ ጻፉበት። ከላይ ለተጠቀሰው ትኬት የሚጻፈው «ጥር 20 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከደብረ ብርሃን መውጫ» የሚለው ነው፤ መኪና በኮንትራት ለሚወስዳችሁ ሰውና ለአንደኛ ሚዜአችሁም ያንኑ ንገሯቸው።